የማንም ቤት ያልሆነው ድስት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲሰፋ ኖሯል። የሱቁ ባለቤት የልብ ወዳጁ ነበሩ። እኛ ልጆች ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሚስታቸውን እትዬ። ጋሼ ጨርቁን ለክተው ይቆርጣሉ፣ አባቴ ይሰፋል፤ ገበያተኛ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያማሉ።

እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም። በልቅሶም በሠርግም አንለያይም። የሁለቱ ቤት ልጆች ሽሮና ምስር ከአንድ ትሪ እየበላን ነው ያደግነው። ሥጋ ሲሆን ግን እነሱ የነሱን፣ እኛ የእኛን። ይህ በእኛ አገር ቅያሜ የሌለበት ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያፍርም። ለፋሲካ ጋሼ በግ ሲልኩልን ከነነፍሱ ነው የሚልኩት፤ ለአረፋ አባቴ ሲልክላቸውም እንዲሁ። በጉ በራችን ላይ ታስሮ ባ ሲል እናቴ «የጋሼህ ሰላምታ መጣ» ትለኝ ነበር ይላል ታላቅ ወንድሜ እስከ ዛሬ እየሳቀ።

ጊዜው ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ክፉው ሰባ ሰባት ደግሞ ገና ያልመጣበት ነው። እኔ የቤቱ ሴት ልጅ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ ማታ ማታ ቀበሌው ለስብሰባ ይጠራናል፣ ጠዋት ጠዋት በአባቴ መርፌ ላይ ክር አስገብቼለት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ክሩ ነው ነገሩን ያስጀመረው። አባቴ ክር ማስገባት እያቃተው መጣ። ማጅራቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሲነጋ ራሱን ይፈልጠዋል፤ አንዳንዴ ከመኪናው ቀና ሲል መሬቱ ይዞርበታል። እናቴ ብርድ ነው ብላ በቅቤ አሸችው። አልሻል ሲለው ደግሞ ድካም ነው ብላ አጥንት ቀቅላ አጠጣችው። እሱም ቅቤውንም መረቁንም ስለሚወድ ሕመሙን እምብዛም አላማረረም።

አንድ ቀን ጋሼ ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘጉና «ተነሥ» አሉት። አባቴ የሚሰፋው የሙሽራ ልብስ እንዳለበት ቢናገርም አልሰሙትም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብሬያቸው ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

እዚያ የነበረችው ነርስ ከባሕር ዳር አካባቢ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። አባቴን አስቀመጠችና የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠመጠመችው። አባቴ ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየና ይህን የሰፋው ሰው እጁ ጥሩ መሆኑን ነገራት። እሷ ግን ወደ ቁጥሩ ነበር የምታየው። አንዴ ለካች፤ እንደገና ለካች። ከዚያ ደም ብዛት እንዳለበት፣ ያውም ብዙ ጊዜ የቆየ እንደሚመስል ተናገረች።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ ሊያጫውቱት ፈልገው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉላት፤ የጤነኛ ሰው ክንድ ምን እንደሚመስል ይይ ብለው። ሲስተር ለካቻቸው። ቅንድቧ ከፍ አለ። የጋሼ ከአባቴም ይበልጥ ነበር።

ጋሼ እንዲህ አስታማሚ ሆነው ሄደው ታማሚ ሆነው ተመለሱ።  አባቴ ግን የቅድሙ ጭንቀቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አጥሩን ተደገፈ።

ሲስተር ያለቻቸው ነገር ብዙ ነው። «ይህ በሽታ አይነቀልም፤ ይገራል እንጂ» አለቻቸው። ክኒን ሰጠቻቸው፤ ሽንት የሚያበዛ ነው። ጨው ይቅር፣ ቅቤ ይቅር፣ ጮማ ይቅር፤ ጎመን ይብዛ፣ በየቀኑ በእግር ይሂዱ አለች። ሁለቱ ሰዎች ክኒኑን ያለ ክርክር ተቀበሉ። የጨውን ነገር ሲሰሙ ግን የሞት ፍርድ የተነበበባቸው መሰሉ።

እናቴ ጨው የሌለው ወጥ መሥራት እንደ ውርደት ቆጠረችው። እጇን የሚያውቅ ጎረቤት ቢገባና ቢቀምስ ምን ይላል? መሥራቱን ግን ሠራችው። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጦ አላምጦ፣ ይህን ወጥ የሚበላ ሰው ቢሞትም አይታወቅበትም አለ። እትዬም በበኩሏ ጋሼን ቤት ማቆየት አቃታት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የዘመድ ጥየቃ ያበዛሉ፤ ለዓመታት ያልጠየቁትን አጎት ሁሉ በዚያ ሰሞን ጠየቁ።

አባቴ ምሳውን በረንዳው ላይ አስመጥቶ በሰላም መብላት ሲጀምር እናቴ ለመደ ብላ ተደሰተች። አንድ ቀን ጋሼ ሱቁ ውስጥ ሆነው ለደንበኛ ካኪ ሊቆርጡ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ጠየቁ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አባቴ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ወጣ ብሎ ነበርና ጋሼ ራሳቸው የጠመኔውን ቆርቆሮ ከፍተው ከአንዲት የወረቀት ጥቅልል ቆንጠር አድርገው በጨርቁ ላይ ቢያሠምሩ መሥመር የለም። ጣታቸውን አዩት፣ ቀመሱት። አባቴ ሲመለስ ጋሼ ጥቅልሏን ከፍ አድርገው ይዘው ጠበቁት።

«አንተ ሰው፣ በጨው ነው የምትሰፋው?»

አባቴ ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ አጎነበሰ። ደንበኛው እንኳ ነገሩ ሲገባው ካኪውን ትቶ ሳቀ። ጋሼ ጥቅልሏን ኪሳቸው ከተቷት፤ የት እንዳደረሷት ደግሞ አንድዬ ነው የሚያውቀው። ይህን የሰማችው ሲስተር ሁለቱን ጠርታ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን በረንዳው ላይ አብረው መብላት ጀመሩ፤ እያንዳንዳቸው ከቤት የመጣላቸውን፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ።

በዚያው ሰሞን የሁለቱም ቤት ሴቶች የየራሳቸውን መድኃኒት ይዘው ተነሥተዋል። እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ትወቅጣለች፣ ተልባ ታምሳለች። አባቴም በሐይቁ ውስጥ ወደ ገባው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሩ ሄዶ ጸበል ያመጣል፤ እናቴ እንዳትሄድ ገዳሙ ሴት አያስገባም። እትዬ በጥቁር አዝሙድ ታምናለች፤ ከሞት በቀር የማያድነው የለም ትላለች፤ ከአምባሰል ማር ጋር ለውሳ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ጋሼ ከውጫሌ ገበያ ደግሞ ከአንድ መድኃኒት ሻጭ የገዟትን ጥቁር ሥር ይዘው መጡ። ሁሉም ጥሩ ነው ተባለ። ነገር ግን ሁሉም አንድ ላይ ይሁን ወይ ይቅር ማንም አላወቀምና እትዬና እናቴ ዕቃውን በሙሉ በአንድ ቅርጫት ጭነው ሲስተር ዘንድ ሄዱ። እኔ አስተዋዋቂ ሆኜ ነበር የሄድኩት፤ ትቆጣለች ብዬ ፈርቻለሁ።

አልተቆጣችም። ቅርጫቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ እያነሣች አየች፣ አሸተተች። ነጭ ሽንኩርቱ ደግ ነው አለች፤ ወጡ ጨው ቢያጣ እንኳ ጣዕም ይሰጠዋል። ተልባውም ደግ ነው። ጥቁር አዝሙዱ በልክ ይሁን፤ ማሩ ይቀነስ። ጸበሉን ሲጠጡ ክኒኑን አብረው ይዋጡበት አለች፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ሥሯ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ብርሃን አውጥታ ገላበጠቻትና ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«ይህችን ከየት መጣሽ፣ ማን ነሽ ብዬ ብጠይቃት አትመልስልኝም» አለች። «ምን እንደሆነች የማላውቃትን ከክኒኔ ጋር አላጋባም።»

ሴቶቹ በአነጋገሯ ሳቁና ሥሯን እዚያው ትተው ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእናቴ ሐኪም ማለት የእሷን ነገር የሚንቅ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሲስተር የእናቴ ሰው ሆነች።

ስንወጣ ሲስተር አንድ ነገር ጨመረች። ሥጋ ካማራቸው ዓሣ ይብሉ፤ እዚህ አፍንጫችሁ ሥር ሐይቅ እያለ ስለምን ትቸገራላችሁ አለች። እናቴና እትዬ ተያዩ።

ያኔ ሐይቅ ከተማ ዓሣ እንደ ምግብ የሚቆጥር ቤት ብዙ አልነበረም። ዱሮ ሐይቁ ውስጥ አምባዛ ነበር፤ ቅርፊት የለውምና የእኛ ሰው አይነካውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የመንግሥት ሰዎች ቅርፊት ያለው ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ከሌላ ቦታ አምጥተው ጨምረው ነበርና እሱ ተራብቶ ነበር። ጥቂት ወጣቶች በታንኳ እየወጡ በመረብ ያጠምዱታል፤ የሚገዛቸው ግን ወይ መንገደኛ ሾፌር ነው ወይ ከሌላ አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ። የከተማው ሰው ሽታውን ሲሰማ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እናቴ ለንስሐ አባታችን ነገረቻቸው፤ ቅርፊትና ክንፍ ካለው ይበላል አሏት። ጋሼ ደግሞ ከማንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ የውሃ እንስሳ ሐላል ነው፣ ማረድ የለበት፣ ምን የለበት።

አባቴና ጋሼ በእግር እንዲሄዱ ታዝዘው ነበርና ሲነጋ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ጀመሩ። ከተማው ተሰብስቦ የሚያየው ትርዒት ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ዱላ ይዘው፣ ነጠላና ጋቢ ደርበው ይገሰግሳሉ፤ ክኒኑ ሥራውን ሲጀምር ደግሞ አንዱ ቁጥቋጦ ጥግ ሲል ሌላው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ትንሽ ሄደው ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ። አንድ ጠዋት ሲመለሱ አባቴ ሦስት ዓሣ በሣር ገመድ አንጠልጥሎ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና እጇን በመቃኑ ላይ ዘረጋች። በዚህ ድስቴ ውስጥ አይገባም አለችው፤ ሽታው ከገባበት ዳግመኛ ዶሮ አይሠራበትማ። አባቴ ዓሣውን ይዞ እትዬ ዘንድ ሄደ። እትዬም እንደዚያው፤ ከሽታው በላይ ቅርፊቱ አስጠላት፤ እንደ ሳንቲም የተደረደረ ነገር እንዴት ይበላል ነበር ያለችው።

ሦስቱ ዓሣ በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ ወደ ድመቶች ሄዱ። ይህን እኔ ለሲስተር ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷ የጣና ዳር ልጅ ናት፤ ዓሣ እየፋቀች ነው ያደገችው። እሑድ እመጣለሁ፣ አዲስ ድስት ግዙ አለችኝ።

ድስቱን ከሸክላ ሠሪዎቹ ገበያ እኔና እትዬ ሄደን ገዛን። ትልቅ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ገና የእሳት ሽታ ያለው ድስት ነው። መንገድ ላይ ለማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅኳት። እትዬ ቆም ብላ አሰበችና፣ ለማንም ቤት አይደለም፣ ለዓሣው ነው አለች። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዘወር ብዬ ሳስበው ነው ትልቅ ነገር መናገሯን ያወቅኩት። በእኛ ቤት ድስት የክርስቲያን ሥጋ ተሠርቷል፤ በእነሱ ድስት የሙስሊም ሥጋ። ይህኛው ግን ገና ምንም አልነካም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም እነጋሼ ጓሮ ተሰበሰብን። ጋሼና አባቴ በጠዋት ሄደው ዓሣውን አምጥተዋል። ሲስተር እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠችና ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጭራው ወደ ራሱ እየፋቀች አሳየችን። ቅርፊቱ ብር ብር እያለ ፀጉራችን ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ሆዱን ከፍታ ሐሞቱ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች አወጣች፣ በሎሚ አጠበች። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ተከተፈ፤ ዘይት ጠብ አለ፤ ዝንጅብል ገባ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምርና ሽታው ሲለወጥ እየቀረበች መጣች፤ በኋላ እሳቱ በዛ ብላ ራሷ እንጨቱን ሳበችው።

ትሪው ወጥቶ መሐል ተቀመጠ። አንድ ትሪ ነው። ማንም ያንን ቀድሞ አልተናገረውም፣ ግን ሁሉም አውቆታል። አባቴና ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ከሞት አትርፏል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ድሯል፤ ሥጋ ግን ከአንድ ትሪ በልተው አያውቁም። አባቴ አማተበ። ጋሼ ቢስሚላህ አሉ። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ ገቡ።

ጋሼ አላመጡና እሾሁን ከአፋቸው አውጥተው በጣታቸው ያዙት። «ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እስከ ዛሬ ምን ስንሠራ ኖርን?»

አባቴ ከዓሣው ወገብ ያለውን ለስላሳውን ሥጋ ፈልፍሎ፣ እሾሁን ለቅሞ፣ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ጋሼም መልሰው አጎረሱት። እትዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ቃሪያው ነው አለች። እናቴ ከሁላችን በኋላ ጀምራ ከሁላችን በኋላ ጨረሰች። የዓሣውን ራስ እንኳ አልተወችም።

ከዚያ ወዲያ ዓሣ የእሑድ ልማዳችን ሆነ። ድስቱ ተራ በተራ በሁለቱ ቤት ያድራል፤ ሌላ ነገር ግን አይሠራበትም። አባቴ ማጅራቱ ለቀቀው፣ ክሩን ራሱ ማስገባት ጀመረ። የጋሼ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው፤ የበሳላቸው አባቴ ነው።

ረመዳን ሲደርስ ሲስተር ክኒኑን ከማፍጠሪያ በኋላ እንዲወስዱት ለጋሼ ነግራቸው ነበር፤ ካመማቸው ደግሞ ጾሙን እንዲያፈጥሩ ሃይማኖታቸው ራሱ እንደሚፈቅድ ሼኹም ነገሯቸው። ጋሼ ጾሙን ጾሙ፤ ክኒኑን ግን ተዉት። ምንም አላመማቸውም። ዒድ አልፎም አልጀመሩትም። ሰውነቴ ቀሏል፣ ዓሣው አድኖኛል አሉ በልባቸው፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ እየሰፋ ሳለ ከሱቁ ውስጥ የወንበር መውደቅ ይሰማል። ሲገባ ጋሼ ባንኮኒውን ይዘው ቆመዋል፤ ከአፍንጫቸው ደም እየወረደ የቆረጡት ነጭ አቡጀዲ በሙሉ ቀልቷል። ነስሩ አልቆም አለ። ጎረቤት ተጠርቶ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። እኔ ስደርስ አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ፣ እጁ ላይ የጋሼ ደም ደርቆ፣ በር በሩን ያያል። ያን ዕለት ፊቱን ያየሁትን ያህል ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ነስሩ ቆመ፣ ግፊቱም ቀስ በቀስ ወረደ። ሲስተር ወጥታ እንድንገባ ፈቀደችልን። ጋሼ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ ክኒኑን ማቆማቸውን ነግረዋታል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ያለወትሮዋ ድምጿ ከረር ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ዓሣው የራሱን ሥራ ይሠራል። ነጭ ሽንኩርቱም የራሱን፣ እግርዎም የራሱን፣ ክኒኑም የራሱን። አንዱ የሌላውን ፈረቃ አይሸፍንም። ደህና የሆኑት አራቱም ስለሠሩ ነው።»

ጋሼ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼን ክኒን ከራሱ ጋር በኪሱ ይዞ፣ በረንዳው ላይ ውሃ በጣሳ ቀድቶ፣ ፊት ለፊቱ ያስውጣቸው ጀመር። ከዋጡ በኋላ አፋቸውን ያስከፍታቸዋል። እሳቸው ያማርራሉ፣ ግን ይከፍታሉ።

እኔ ያገባሁት በዚያው ዓመት ነው። ባለቤቴ የውጫሌ ልጅ ነው፣ የእርሻ ሠራተኛ፤ ቤተሰቦቹ ከአምባሰል ተራራ ሥር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። በእኛ አገር ሠርግ ሁለት ዳስ ይጣላል። በአንዱ የክርስቲያን በሬ ይታረዳል፣ በሌላው ለሙስሊም እንግዶች በሙስሊም እጅ ይታረዳል። አባቴ ሦስተኛ ዳስ ይኑር አለ። ደም ብዛት፣ ስኳር፣ ጨጓራ ያለበት ሰው ሠርጌ ላይ ተቀምጦ የሰው አፍ ማየት የለበትም፤ ለእነሱ ዓሣና ጎመን ይሠራላቸው አለ። እናቴ መጀመሪያ ነገሩ የሚያሳፍር መሰላት፤ አማቶቼ ልጃቸውን ሆስፒታል የዳሩት እንዳይመስላቸው ፈራች። በኋላ ግን አዛዥዋ እሷ ራሷ ሆነች። ትልልቅ አዳዲስ ድስቶች ገዛች፣ እትዬን በቀኝ ሲስተርን በግራ አስቀምጣ ቅርፊት የሚፍቁትን ሴቶች እንደ ሻምበል ትመራ ነበር።

በሠርጉ ቀን ሦስተኛው ዳስ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩበት። አባቴና ጋሼ መሐል ተቀምጠዋል። ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ድግስ እንዳይበዛ በስብሰባ ሲያስጠነቅቀን የከረመው እሱ ነውና ሁላችንም ደነገጥን። እሱ ግን ጨጓራው እንደሚያስቸግረው ለአባቴ በጆሮው ነግሮት ትሪው ጋ ተጠጋ። እሱን ተከትለው ሌሎች መጡ። በክርስቲያኑና በሙስሊሙ ዳስ ተለያይተው የተቀመጡ ጎረቤታሞች እዚያ ሲገናኙ ጊዜ ቦታው ጠበበ። ጤነኛው ሁሉ አንድ ነገር ያመው ጀመር።

የባለቤቴ አባት ዓሣ አይተው የማያውቁ የደጋ ሰው ናቸው። ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጧቸውና እሾሁን እየለቀሙ እንደ ሙሽራ አጎረሷቸው። አማቴ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ይህ እንስሳ ሲሄድ እግሩ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። እግር የለውም ሲባሉ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ታዲያ እንዴት እዚህ ደረሰ አሉ፤ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም የሳቁን ምክንያት ባያውቁትም አብረው ሳቁ።

መሰንቆ የያዘች አንዲት አዝማሪ ሦስቱን ዳስ ስትዞር ውላ ወደ ማምሻው እኛ ዘንድ ደረሰች። በአምባሰል ዜማ ጀመረች። የባለቤቴ ወገኖች የአገራቸውን ዜማ ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ። እሷ ጋሼንና አባቴን አየቻቸው፣ ትሪውን አየችው፣ ነገሩን ከሰው ሰምታም ይሆናል፣ እዚያው ገጠመች፦

ሳይታረድ መጣ ከውሃው ተስቦ፣
ዓሣ አቋደሳቸው ባንድ ትሪ ሰብስቦ።

ጋሼ ኪሳቸውን ፈትሸው ያገኙትን ሁሉ ግንባሯ ላይ ለጠፉላት። አባቴ ሊጨፍር ተነሣ። ሲስተር ከወዲያ ሆና ቀስ እንዲል በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም እስክስታውን ከትከሻው ብቻ አደረገው። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እኔ ወደ ውጫሌ ሄድኩ። የተከራየነው ቤት ከገበያው አጠገብ ነበር። አንድ ጥቅምት፣ ፀሐይዋ ደስ በምትልበት ቀን፣ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ቆመና ሰው እየሳቀ፣ አፍንጫውን በነጠላው እየሸፈነ መውረድ ጀመረ። ከሁሉም በኋላ አባቴና ጋሼ ወረዱ። መሐላቸው በእርጥብ ጨፌ የተሸፈነ ቅርጫት አለ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እናድርገው ብሎ ለምኗቸው፣ ፀሐይ ያበላሸዋል ብለው እምቢ ብለው፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በጉልበታቸው ላይ ታቅፈውት መጥተዋል። ከአጠገባቸው ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴት መንገዱን ሙሉ ስትቆጣቸው እንደመጣች ጋሼ በኩራት ነገሩኝ።

ሴትዮዋ ገና አልሄደችም ነበር። ዕቃዋን ይዛ ከኋላችን ትከተላለች። ደጄ ስንደርስ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባሏ ደም ብዛት እንዳለበት፣ እነዚህ ሽማግሌዎች በመንገድ ያወሩትን ሁሉ እንደሰማች ነገረችኝ። አሠራሩን አሳይኝ አለች።

አስገባኋት። ነጭ ሽንኩርት ሰጠኋትና መላጥ ጀመረች፤ እኔ ቅርፊቱን እፍቃለሁ። ከፊት ካለው ክፍል የአባቴና የጋሼ ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ሲለኩ የማን ግፊት ዝቅ ያለ እንደነበር እየተከራከሩ ነው።